የዋኒ ወንዝ ድልድይ እና ከአባትነት ለአንድ ጉዞ ስለ መነሳት

የሴምቤሁን መንደር የድልድይ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት
ቦታ፦ ወንዙ ዳር ያለው፣ ግድግዳ የሌለው የመሰብሰቢያ ዳስ
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡30 ተጀመረ

የተገኙ፦
ፓ ላሃይ ሶንግቦ፣ የመንደሩ ሹም፣ ሰብሳቢ
ማሚ ያታ፣ የዘንባባ ዘይት ነጋዴ፣ አባል
ፓ ቦካሪ ንጋውጃ፣ የመንደሩ ብቸኛ ጀልባ ቀዛፊ፣ አባል
ጁሱ ማሳላይ፣ አስተማሪ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ የማዶ ነዋሪ የሆኑት ሦስቱም አባላት። ምክንያታቸውን የሚጠይቅ ሰው እንዳይላክ ቀዛፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ከሰባቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የድልድዩ ኢኮኖሚያዊ ጥቅም

ሰብሳቢው ወረዳው ሲሚንቶ ሊሰጥ እንደተስማማ፣ ድንጋይና ጉልበት ከመንደሩ እንደሚጠበቅ፣ መልሱም ዛሬ መላክ እንዳለበት ገለጹ። ማሚ ያታ ባለፈው ገበያ ሁለት ጀሪካን ዘይት ከጀልባው ወንዝ ውስጥ እንደገባባቸው አስታውሰው፣ «ዓሣ በዘይት ሲጠበስ አውቃለሁ፤ ዓሣ ዘይት ሲጠጣ ግን ያየሁት ባንተ ጀልባ ነው» አሉ። ፓ ቦካሪ ጀሪካኑን ያስቀመጡት ራሳቸው ማሚ ያታ መሆናቸውን፣ እሳቸው የተቀመጡትም በቀዛፊው ቦታ ላይ እንደነበር ተናገሩ። ስለ ማሚ ያታ ስፋት የተባለው በሰብሳቢው ትእዛዝ አልተመዘገበም።

ፓ ቦካሪ ቀጥለው፣ «የእንጀራ ገመዴን ልትበጥሱ ነው የተሰበሰባችሁት! አምስት ልጆች ያሳደግኩት በዚህ መቅዘፊያ ነው» በማለት አምርረው ተቃወሙ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሁሉንም ወገን ለማስታረቅ ድልድዩ እስከ ወንዙ አጋማሽ ብቻ ተሠርቶ ቀሪው በጀልባ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ከድልድዩ ጫፍ ወደ ጀልባው እንዴት እንደሚወረድ ጠይቆ፣ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይጠይቅም ተባለ።

አጀንዳ 2፦ ማኅበራዊ ጥቅም

ፓ ቦካሪ፣ «እኔ እያለሁ ማዶ የቀረ ሰው አለ? ካለ ስሙን ጥሩት!» አሉ። በዚህ ጊዜ ከማዶ ከፍተኛ ጩኸት ተሰማ። ፓ ቦካሪ ሰላምታ ነው አሉ። ማሚ ያታ፣ «ሰላምታ እንዲህ እናት አይሳደብም» አሉ። በድምፅ ብልጫ ሰላምታ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የፓ ቦካሪ የመጨረሻ ልጅ ቴኔ ሳትጠራ ገባች።

«አባባ፣ ማዶ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

መሬት መሬት እያየች፣ «የኮላ ፍሬ የያዙ» አለች።

ሰብሳቢው ሽማግሌዎች ልጅ ሲጠይቁ የሚይዙት ይህ ፍሬ ለማን ልጅ እንደመጣ ቢጠይቁ ሮጣ ወጣች። ጉባኤው ከዚህ መልሱን ተረዳ።

ፓ ቦካሪ ብድግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የልጅቱ አባት ራሱ ወርዶ ሽማግሌ ቢያመጣ ልጁን ሊያራግፍ ቸኩሏል እንደሚባል በሐዘን ገለጹ። ሌላ ሰው ይቅዘፍ እንዳይባል፣ ጀልባቸውን ማንም እንዳይነካ ባለፈው ስብሰባ ያስወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ማዶ ያሉት ሰዎች ኮላቸውን እየሰበሰቡ መሆኑ ከዳሱ ይታይ ነበር። ፓ ቦካሪ፣ «ሊሄዱ ነው እኮ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

ከአጭር ውይይት በኋላ (የዕለቱ ብቸኛ አጭር ውይይት)፣ ፓ ቦካሪ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከአባትነት በክብር ተነስተው ቀዛፊ ብቻ እንዲሆኑ፣ ወደዚህ ዳር ሲደርሱ አባትነታቸው እንዲመለስላቸው ተወሰነ። ጸሐፊው በታዛቢነት አብሮ ተሳፈረ።

በመልሱ ጉዞ ወንዙ መሃል ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከሩቅ የመጡት የሙሽራው አጎት ፓ ምባዮ፣ «የልጅቱን አባት አላውቀውም። ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ቀዛፊውን ጠየቁ።

ቀዛፊው ጥቂት ከቀዘፉ በኋላ፣ «አስቸጋሪ ሰው ነው። ልጁን ግን ይወዳል» አሉ።

በዚሁ ጀልባ የመጡት ሦስቱ የማዶ አባላት ዳሱ ውስጥ ሳይቀመጡ፣ እነሱ ዳር ቆመው ሲጮኹ የተወሰነው ሁሉ ዋጋ የለውም አሉ። ሰብሳቢው ሊከራከሩ ሲሉ ፓ ቦካሪ ቀድመው ተነሡ።

«እውነታቸውን ነው፤ ይፍረስ። ድልድዩ እስከ ማዶ ይሠራ። ልጄ እዚያ ልትኖር ነው። ዛሬ ቀዝፌ አመጣኋቸው፤ አርጅቼ ክንዴ ሲዝል እሷን ማን ያመጣልኛል?»

የተቃወመ የለም። ማሚ ያታ በነጠላ ጨርቃቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ዘይቱን ይቅር ብያለሁ አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ድልድዩ ሙሉውን ይሠራል፤ የማዶውን ድንጋይ የሚያመላልሰው የፓ ቦካሪ ጀልባ ነው፣ በክፍያ። ጸሐፊው፣ ሁሉም ከተሻረ ከአባትነት የተነሡበትም ውሳኔ አብሮ ስለሚሻር፣ ሽማግሌዎቹን ያመጣው የልጅቱ አባት ነው ማለት እንደሚሆን አሳሰበ። ፓ ምባዮ ይህን ሲሰሙ ቀዛፊውን ትክ ብለው አዩዋቸው።

ፓ ቦካሪ፣ «ጻፈው! አባቷ ራሱ ቀዝፎ አመጣቸው ብለህ ጻፍ» አሉ።

ተጽፏል።

ስብሰባው 9፡00 ላይ ተበተነ። ቀዛፊው የዘንባባ ጠጅ ስለጀመሩ እንግዶቹም የማዶ አባላትም እዚሁ ያድራሉ።