ነጋዴ አትመስልም

እኛ አገር ማንም ፊት ለፊት «አይሆንም» አይላችሁም። በተለይ ተዋናይ ልሁን ብላችሁ ኦዲሽን ከሄዳችሁ መልሱ «እንደውልልሃለን» ነው። የዋህ ከሆናችሁ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።

የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አጠገብ፣ የጋሼ ደምሴ የመጋረጃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ስምንት ዓመት ጨርቅ ለክቼ ቀድጃለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ለተከታታይ ድራማ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። ገጸ ባሕርይው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ! ጋሼን ቁርስ ልብላ ብዬ ዋሽቼ በረርኩ። አዘጋጇ ወጣት ሴት ናት፤ እስክጨርስ በትዕግሥት አየችኝና፣ «ጎበዝ ነህ፤ ግን ነጋዴ አትመስልም» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ!

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ ብቻዬን እያወራሁ ሱቅ ደረስኩና ለጋሼ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሜትራቸውን አስቀመጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ።

«ጋሼ!»

«እኔም ስምንት ዓመት ይህንኑ ስታዘብ ነው የኖርኩት። ሰው ዋጋ ሲጠይቅህ አንተ ፊቱን ታጠናለህ። ባለፈው አንዷ የልጇን ሠርግ ስታወራህ አብረሃት አልቅሰህ ጨርቁን በመጣበት ዋጋ ሰጠሃት። እንዲህ ያለ ነጋዴ የት አለ? አንተስ ተዋናይ ነህ።» ሜትራቸውን መልሰው አነሡና፣ «ደግሞ ስትሄድ ንገረኝ እንጂ ቁርስ አትበለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁርስ የሚበላ ሰው እንዲህ አይከሳም።»

ልቀየማቸው ፈልጌ አቃተኝ። ከእናቴ በቀር ተዋናይ ነህ ያለኝ ሰው አልነበረማ!

ከዚያ ወዲህ አስፈቅጄ እሄዳለሁ። ሦስት ጊዜ መለሱኝ። በአራተኛው የሆስፒታል ዘበኛ አደረጉኝ። ንግግሬ «ሰዓት አልቋል፤ ነገ ይምጡ» ብቻ ነው። ምግብ ይዘው የመጡትን እናት ስመልሳቸው ድምፄ ተሰበረ። የዚህኛው ድራማ አዘጋጅ ቀረጻውን አስቁሞ፣ «ዘበኛው ለምን አዘነ?» አለኝ።

«መመለስን ስለሚያውቀው» አልኩት።

አሰብ አደረገና፣ «እንዳለ ይሁን» አለ።

በሚተላለፍበት ቀን ጋሼ ቴሌቪዥናቸውን ከቤት አስመጥተው ጎረቤቱን ሁሉ ሱቅ ሰበሰቡ። ልክ እኔ ብቅ ስል አንድ ገዢ በር ላይ ቆሞ ዋጋ ጠየቀ። ጋሼ፣ ነጋዴ አይደሉ፣ ዞር ብለው መለሱለት። ሲመለሱ ሱቁ በጭብጨባ ተናግቷል።

«የታለህ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው።

«አለፍኩ እኮ፣ ጋሼ!»

«ምነው መቸኮልህ? በል፣ በሚቀጥለው ቀስ ብለህ እለፍ።»