ቻርት መራጯ ተከራዬ

መምረጥ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቤት አንዲት አለች፤ ተከራዬ ሰብለ። ሥራዋ የየምንጩን የውሃ ልክ በኮምፒውተር በሥዕል ማሳየት ነው። ለዚህ ሌሎች በጃቫስክሪፕት ሠርተው ያስቀመጡት መሣሪያ አለ፤ ቻርት ላይብረሪ ትለዋለች። ችግሩ መብዛቱ! አንዱ ይከብዳል፤ አንዱ ስልክ ላይ አያምርም፤ የሌላውን ሠሪ ደግሞ «ሰልችቶት ቢተወውስ?» ብላ ትፈራለች። ባል ስትመርጥስ ምን ልትሆን ነው? ፍርሃቷ ተጋብቶብኝ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት «አያ ታደለ፣ ይሄ ሸጋ አይደለም?» ብላ ጠራችኝ። ያሳየችኝ የኮሶዬ መንደርን ምንጭ ነው፤ ወንድሜ ከነከብቱ የሚጠጣውን። የውሃውን ልክ የሚያሳየው መስመር ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት መሬት ወረደ። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምንጩ ደረቀ እንዴ?»

«ኧረ አልደረቀም! ካለፈው ወር ወዲህ ልኬት አልተላከም። ይሄ ላይብረሪ ባዶውን ዜሮ አድርጎ ይስለዋል። በቃ፣ ተውኩት!»

ሳቅን። ባዶውን እንደ ባዶነቱ የሚተወውን አመጣች። መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ብቻ።

«ይሄው መረጥኩ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

እኔ ነጩ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። «ልኬቱን የሚልከው ማነው?»

«አንድ የሰፈሩ ሰው ነው። ስልኩ አይነሳም።»

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። ምንጭ ቢደርቅ የውሃ ቦቴ ይላካል። ምን እንደተፈጠረ ለማይናገረው ለዚህ ነጭ ቦታ ግን ምን ይላካል?

«አያ፣ መስመሩን ሰማያዊ ላድርገው አረንጓዴ?»

እንደገና ደወልኩ።