ባለቤቴ የምትሰማቸው ቄስ

ሰው በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፤ በቆርቆሮ ቤቱ ይቀናል፤ ሚስት ያለው በሚስቱ ይቀናል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዳችሁማ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሰው ጾምና ጸሎት የሚቀና ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እነሆኝ።

ከከምባታ መጥቼ ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ የማስተምር ካቶሊክ ነኝ። ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ ያገኘች ከተማ አይደለችም፤ በኅዳር ጠዋት ነፋሱ ጋቢህን ሊቀማህ ይታገልሃል። ባለቤቴ እናትነሽ ግን በዚያ ብርድ ነጠላዋን ተከናንባ ለኪዳን ጸሎት ትወጣለች። የነቢያት ጾም ሲገባ እዚህ አገር የሚጾመው አንድ ሰው አይደለም፤ ከተማው ነው። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ሻይ ቤቱ ወተት ያቆማል፣ ደውሉ ይጠራል፣ ደውሉን ያልሰማውን ጎረቤት ይጠራዋል። የእኛ የምጽአት ዘመን፣ ልደትን የምንጠባበቅባቸው ሳምንታት ማለቴ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይገባል። ሲገባ ግን የሚጠራኝ የለም። ቅርብ የሚባለው ቤተ ክርስቲያናችን ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ይከርማል። ስለዚህ ኑዛዜዬ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል፣ መቁጠሪያዬ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፣ ድሮ ከመኝታ በፊት ኅሊናዬን እመረምር የነበርኩት ሰው አሁን ስልኬን ስመረምር እንቅልፍ ይወስደኛል።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቄስ ሞገስን ነው።

ቄስ ሞገስ የእናትነሽ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ የተማሩ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሰው። የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ነገሩ አላስደሰታቸውም፤ የነፍስ ልጃቸውን ግን አልጣሏትም። የጣሏት የገዛ እናቷ ናቸው። ስማዳ የሚኖሩት አማቴ፣ ልጃቸው ካቶሊክ ካገባች ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። እሷም እልኸኛ ናትና ወደዚያ ዞር ብላ አላየችም። እናት አንድ ናት፣ ታረቂ፣ ብዬ ያልለመንኩበት በዓል የለም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የእኔን ሚስት የመከራት ግን መከራ አይደለም። ቄስ ሞገስ ናቸው።

እንዴት አወቅሁ መሰላችሁ? ከትምህርት ቤት ስመለስ ቄሱ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ ለእናትነሽ መንገዱን ያቅናላት ብለው መርቀውኝ አለፉ። የትኛውን መንገድ? ቤት ገብቼ ስጠይቃት ለካ ቂም ይዤ አልጾምም ብላ ምክር ጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ሂጂና እናትሽ እግር ላይ ውደቂ ብለዋታል፤ ቅዳሜ ስማዳ ልትሄድ ተሰናድታለች። ከሰሚ ሁሉ የመጨረሻው እኔ ነኝ።

«እኔ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ?» አልኳት።

ልብሷን እያጠፈች ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «አንተ ታረቂ ስትለኝ ለእኔ ብለህ አልመሰለኝም። እናቴ እንድትወድህ ብለህ መሰለኝ።»

እውነት ባይሆን ኖሮ እንዲያ አያመኝም ነበር።

ቅዳሜ ሄደች። ማግስቱ እሁድ የእኛ ምጽአት መግቢያ ነበር። እዚህ ላይ አልዋሻችሁም፤ መቁጠሪያዬን ከመሳቢያ ያወጣሁት በፍቅረ እግዚአብሔር ተቃጥዬ አይደለም፤ በቅናት ነው። ቄስ ሞገስ ሚስቴን በጸሎት ከወሰዱብኝ እኔም በጸሎት እመልሳታለሁ ብዬ ነው። ቁርሴን ተውኩ፣ ሻማ አበራሁ፣ ወንጌሉን ገልጬ ካነበብኩ በኋላ ተንበርክኬ መቁጠር ያዝኩ። እመቤታችንን በጠራሁ ቁጥር በየፍሬው መሃል ቄስ ሞገስ ከነጥምጥማቸው ብቅ ይላሉ። አባርራቸዋለሁ። ይመለሳሉ።

እየቆየ ግን ሌላ ሐሳብ ገባ። እናትነሽ ስትደርስ እደውላለሁ ብላኝ ነበር፤ አልደወለችም። ስሞክርም ኔትወርክ የለም። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሰላም ነው የተባለው ከሰዓት ሌላ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅናቱም ቄሱም ከፊቴ ጠፉ፤ ሴትየዋን ብቻ መልስልኝ እያልኩ መለመን ጀመርኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሰው የጸለይኩት ያኔ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ከቅዳሴ መልስ ቄስ ሞገስ ናቸው።

«ደረሰች ወይ? እኔማ ስልኩ እምቢ አለኝ» አሉ ገና ሳይገቡ።

እኔም እንዳልሰማሁ ነገርኳቸው። ገብተው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሻማውንና በእጄ የያዝኩትን መቁጠሪያ አዩ። ብቻዬን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። ጸልይ ብሎ ያሳሰበኝ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ማንም አልኳቸው። በእርስዎ ቀንቼ ነው ለማለት ግን ወኔው አልነበረኝም።

«እኔ አንድ ቀን ከማኅሌት ብቀር አገሩ ሁሉ ያውቃል» አሉ መቋሚያቸውን እያዩ። «ስለዚህ አልቀርም። ለእግዚአብሔር ብዬ ይሁን ለአገሩ ብዬ፣ እስከዛሬ ለይቼ አላወቅሁትም። አንተን ግን ማን ያይሃል? ቀናሁብህ፣ መምህር።»

የተቀቀለ ድንች ነበረኝ፣ አቀረብኩ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው በእጃቸው እየላጡ በሉ፤ ሁለታችንም አንድ ጆሯችንን ስልኩ ላይ አድርገን።

ሰኞ እናትነሽ በሰላም ገባች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። እናቷ መጀመሪያ አላናግር ብለዋት፣ ኋላ አቅፈዋት አብረው አልቅሰዋል። ከጓዟ የገብስ ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እናቴ ናት የላከችልህ።»

«ለማን ብለው?»

«ለባልሽ ብላ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በአማቴ አፍ ስሜ «ያ ሰውዬ» ነበር።

እንግዲህ ቅናቴ እዚህ ላይ ሞቶ ተቀበረ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በቄስ ሞገስ መቅናቱንስ በእርግጥ ትቻለሁ፤ በሚቀናብኝ ሰው ምን ብዬ እቀናለሁ? ጸሎቱንም አላቋረጥኩም፤ ጠዋት ጠዋት እንበረከካለሁ። ብቻ አንድ አመል አውጥቻለሁ፤ ስጸልይ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። እናትነሽ ብርድ አስገባህብን ብላ ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ? ቄስ ሞገስ ከኪዳን ሲመለሱ የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው።