ምንም የማይጥለው ጉዮ

እናንተ ሰፈር ምንም ነገር መጣል የማይሆንለት ሰው አለ? እኛ ሞያሌ ጉዮ አለ። «እንዴት አደርክ?» ካላችሁት ከሕልሙ ይጀምራል፤ ሻያችሁ ይቀዘቅዛል። ፕሮግራመር ሲሆን ደግሞ ባሰበት።

የፍየል ዋጋ የሚያሳይ አፕ ሠራላችሁ። ሄሉ ገበያ ላይ ለነጋዴዋ ለማማ ሐሊማ ሊጭንላቸው ቢሞክር፣ ስልካቸው «ቦታ የለም» አለ። ለካ አፑን ሲሠራ ስህተት የፈለገበትን መረጃ ሁሉ፣ ከነኮዱ ስም ከነመስመር ቁጥሩ፣ እዚያው ውስጥ አጭቆት ኖሯል!

«አውጣው እንጂ!» አልኩት።

«ነገ ቢበላሽ በምን ልፈልገው?»

«ቅጂውን ላፕቶፕህ ላይ አስቀር። ፍየል የሚሸጥ ሰው የታመመችበትን ቀን ሁሉ ለገዢው ይተርካል?»

«ሐራካ፣ ቶሎ በል ልጄ! ፍየሎቼን የሚጭነው ሎሪ ሊሄድብኝ ነው» አሉ ማማ ሐሊማ።

ጉዮ ልጁን የሚድር ይመስል እየተከዘ ያን ሁሉ መረጃ የምታራግፍ አንዲት ትእዛዝ ጻፈ። አፑ ሸንቀጥ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ውስጥ ገባ፤ ዋጋው ቦግ አለ! ገበያው አጨበጨበ። እኔማ ተዘግቶ የከረመ ድንበር የተከፈተ መሰለኝ።

በማግስቱ ሻይ ቤት አገኘሁት።

«እንዴት አደርክ፣ ጉዮ?»

«ደኅና።»

ከጉዮ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩስ ሻይ ጠጣሁ።