አርጎን ምን አርጎን?

(ዋጃ፣ በደርግ ጊዜ። የአንድ ነጋዴ መጋዘን ግቢ። አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ የብየዳ ማሽን ጎን ለጎን ተገትረዋል። ይርጋ አስመራ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቶ ወደ ቆቦ የተመለሰ ሰው ነው፤ ምን እንደሠራ ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ነጅሙዲን ቆቦ ግቢው ውስጥ ብየዳ ቤት ሊከፍት የተነሣ ጎልማሳ ነው። የጎረቤቷን ከተማ የሮቢትን ወፍጮ የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ክዳን ታቅፏል። ወፍጮው ከቆመ ሳምንቱ።)

ይርጋ፦ ቀዩ ነው አልኩህ፤ ቀዩ!

ነጅሙዲን፦ ጋሽ ይርጋ፣ ሰማያዊው ግን አቧራ አይታይበትም።

ይርጋ፦ ማሽን ነው የምትገዛው ወይስ ሽርጥ? ስማኝ። ሰማያዊው በዘንግ የሚበይድ ተራ ነው፤ ለበር፣ ለመስኮት። ይሄኛው ግን (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አርጎን ነው።

ነጅሙዲን፦ ማን?

ይርጋ፦ አርጎን!

ነጅሙዲን፦ ምን አርጎን?

ይርጋ፦ ምንም አላረገንም! ስሙ ነው።

ነጅሙዲን፦ የባለቤቱ?

ይርጋ፦ የጋዙ! እዚያ ቦንቦላ ውስጥ ያለው።

ነጅሙዲን፦ አሃ፣ እሱ ነው የሚነደው።

ይርጋ፦ አይነድም። አይሸትም። ከማንም ጋር አይቀላቀልም። ሥራው፣ ሌላው ሲሠራ ዙሪያውን ከብቦ መቆም ብቻ ነው።

ነጅሙዲን፦ (ግራ ቀኙን አይቶ) ካድሬ ነው?

ይርጋ፦ (ክው ብሎ) ዝም በል አንተ! ንፋስ እንዳይገባ ይጠብቃል ነው የምልህ!

ነጅሙዲን፦ አብዮት ጠባቂ ነዋ።

ይርጋ፦ ኧረ ልታስበላኝ ነው ዛሬ!

ነጅሙዲን፦ ይቅር ይበሉኝ። ይህች የመበየጃው ጫፍ ላይ ያለችው መርፌስ? ስትቀልጥ ሌላ ከየት ትመጣለች?

(ይርጋ ይህን አያውቅም። አላውቅም ማለትን ደግሞ አልለመደም።)

ይርጋ፦ ከ... ከአሰብ። በየቀኑ ትቀይራታለህ።

ነጅሙዲን፦ በየቀኑ?

ይርጋ፦ እንደ ሁኔታው በየሰዓቱም!

ነጅሙዲን፦ የኔ ጄኔሬተር ትንሽ ናት። ትችለዋለች?

ይርጋ፦ ማሽን ማሽንን አይፈራም!

ነጅሙዲን፦ አላህ ይስጥልኝ። እንግዲያው እዚህች ብጣሽ አልሙኒየም ላይ ይሞክሩልኝ።

(ይርጋን ላብ አጠመቀው። ባለ መጋዘኑም፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት ግመል ነጂዎችም ዞረው ያዩታል። አሁን እንዴት ብሎ ይመለስ? ጭንብሉን አጠለቀ፤ የማሽኑን ፔዳል እንደ እባብ ራስ ረገጠው። ብልጭ! ብጣሿ ጠቁራ ተበሳች።)

ይርጋ፦ አልሙኒየሙ የተበላሸ ነው!

ነጅሙዲን፦ ይሆናል። እስቲ ጭንብሉን።

(ነጅሙዲን የቦንቦላውን መክፈቻ አዞረ፤ ለካ ተዘግቶ ኖሯል። መርፌዋን ሞርዶ መለሳት። ይርጋ ያልነካትን አንዲት ማብሪያ ገለበጠ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የወፍጮውን ክዳን እፊቱ አስቀመጠና ፔዳሉን በቀስታ ተጫነ። ስንጥቁ እንደ ተጎነጎነ ሹሩባ ተያይዞ ወጣ። ግመል ነጂዎቹ አጨበጨቡ።)

ይርጋ፦ (ወደ ክዳኑ ጎንበስ ብሎ) አንተ... የት ተማርከው?

ነጅሙዲን፦ አሰብ፣ መርከብ ጥገና። ስድስት ዓመት። መርፌዋ እኮ አትቀልጥም ጋሽ ይርጋ፤ በደንብ ለያዛት ወር ትከርማለች።

ይርጋ፦ ታዲያ ማሽን ይምረጡልኝ ብለህ ለምን እዚህ ድረስ ጎተትከኝ?

ነጅሙዲን፦ ማሽኑንማ ባለፈው ሳምንት መርጫለሁ። ዛሬ የመጣሁት ሠራተኛ ልመርጥ ነው። እርስዎ «በራያ ምድር ብየዳ ከኔ በላይ ላሳር» ሲሉ ሰምቼ ነዋ።

(ይርጋ ጭንብሉን አንሥቶ እንደገና አጠለቀው፤ ፊቱን የሚደብቅበት ሌላ ነገር አላገኘም።)

ይርጋ፦ (ከጭንብሉ ውስጥ) እና... ወደቅኩ?

ነጅሙዲን፦ ኧረ ወላሂ አልፈዋል! ሮቢት ወፍጮ ቤት ሃምሳ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ክዳኑን እስክገጥም እርስዎ ያወሩላቸዋል።