ፓስተሩ የሚያንቀላፉበት ሰዓት

[ቨርጂኒያ፣ ተራራው ሥር። ድሮ ጎማ ይሸጥበት የነበረ ቤት ዛሬ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ ያለነውም ካሴት ክፍሉ ውስጥ ነው። ሆባርት ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጣቢያው የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያዋን ካሴት ማሽኑ ውስጥ የከተተው እሱ ነው፣ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብራክስተን ከሎስ አንጀለስ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አንድ፣ ማዕረጉ ምክትል ፕሬዚዳንት። ብራክስተን የማያውቀው ነገር የለም። ቢኖርም እስካሁን ደፍሮ የነገረው ሰው አልተገኘም። ጭቅጭቁ ስለ ውሻ ነው፤ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት አልፎታል።]

ሆባርት፦ ግን ውሻው ምን አደረገ?

ብራክስተን፦ ምንም አላደረገም። ከዓርማችን ላይ ይነሳል፣ በቃ።

ሆባርት፦ ሰው ነክሶ ነው?

ብራክስተን፦ አቶ ሆባርት፣ የሥዕል ውሻ እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚነክሰው?

ሆባርት፦ እኔስ ምን አልኩ። ያለ ጥፋቱ ነው የምታስወጡት።

ብራክስተን፦ ጥናት ተደርጓል። ወጣቱ ተመልካች ውሻ ሲያይ ቤተሰብ ትዝ ይለዋል። ቤተሰብ ትዝ ሲለው ሪሞቱን ያነሳል።

ሆባርት፦ እናቱ ጋ ሊደውል?

ብራክስተን፦ ጣቢያ ሊቀይር ነው እንጂ። በሪሞት ይደወላል እንዴ?

ሆባርት፦ ተጀምሮ ይሆናል ብዬ ነው፤ አዲስ ነገር አንተ ነህ የምታውቀው። ልጄ፣ ስንከፍት እኮ ዓርማችን ላይ የተሣለው መስኮት ላይ ስምንት ነበሩ።

ብራክስተን፦ ልጄ አይበሉኝ። ምክትል ፕሬዚዳንት ነኝ።

ሆባርት፦ እሺ ምክትል። ስምንት ነበሩ። ወንድ አያት፣ ሴት አያት፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና ውሻው። ስማችንም "የጸሎትና የቤተሰብ ቴሌቪዥን" ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መጡና አያቶቹን አስወጡ።

ብራክስተን፦ አያት ሳሙና አይገዛም። ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ አይወዱትም።

ሆባርት፦ ሳሙናስ ይገዛሉ። ብቻ ጸሎቱም አብሮ ወጣና "የቤተሰብ መስኮት" ተባልን፤ ከጠዋት እስከ ማታ ካውቦይ በካውቦይ ሆንን። ሁለተኛዎቹ ሲገዙን ደግሞ አባትየው ወጣ።

ብራክስተን፦ አባት ያካብዳል።

ሆባርት፦ ፈረሶቹንም ይዟቸው ሄደ። "ቤተሰብ ፕላስ" ተባልን። ሦስተኛዎቹ እናትየውን ከነልጆቿ አነሷቸውና ውሻው ብቻውን መስኮት ላይ ቀረ። ያን ሰሞን ሰው የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ መስሎት ይደውልልን ነበር። ሁለቱማ አግኝተነዋል አሉ።

ብራክስተን፦ አሁን ደግሞ ዘመናዊ ሆነናል። ስማችን "ፕላስ" ነው።

ሆባርት፦ ፕላስ ምን?

ብራክስተን፦ ምንም። ፕላስ ብቻ።

ሆባርት፦ ከምን ላይ ነው የሚደመረው?

ብራክስተን፦ አይደመርም አቶ ሆባርት። ስሜት ነው። እርስዎ አይገባዎትም፣ ተዉት። የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

[ብራክስተን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጥፎ ወሬ የሚናገር ሰው ፊቱ ላይ የሚያደርገውን ሐዘን ስልጠና ወስዶበታል፤ አሁን አወጣው።]

ብራክስተን፦ ካሴት ክፍሉ ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ኮምፒውተር ይሠራዋል። እርስዎም ያርፋሉ።

ሆባርት፦ አልደከመኝም እኮ።

ብራክስተን፦ ያርፋሉ ማለት ጡረታ ይወጣሉ ማለት ነው።

ሆባርት፦ ገብቶኛል። አልደከመኝም ነው የምልህ። አርባ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። ዓርብ ተነስ ስባል ይከፋኛል፣ አልዋሽህም። ደግሞስ የፓስተር ፕሩዊትን ሰዓት ማን ያስተላልፋል?

[ፓስተር ፕሩዊት ጣቢያውን የመሠረቱ ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ቬርና ጋር ይቀርቡ ነበር። እሷ ሾርባ ትሠራለች፣ ብርድ ልብስ ትሰፋለች፤ እሳቸው ሰማይና ምድር እንዴት እንደተፈጠሩ ጀምረው ሦስተኛው ቀን ላይ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጣቢያውን ሲሸጡም አንድ ነገር አስፈርመዋል። ጣቢያው እስካለ ድረስ ይህ ፕሮግራም በየቀኑ አንድ ጊዜ ይታያል፤ የሚቆመው ሦስት ወር ሙሉ ተመልካቹ ከሃያ ሰው ካነሰ ብቻ ነው።]

ብራክስተን፦ እሱም አብሮ ያርፋል። ከሦስት ወር በፊት የሰጠሁዎትን ትዕዛዝ ያስታውሳሉ?

ሆባርት፦ እንዴት አላስታውስም። "ፓስተሩን ማንም ሰው በማያይበት ሰዓት ላይ ያድርጓቸው፤ ሰዓቱን እርስዎው ይፈልጉ" የሚል ወረቀት ነው። በፊርማህ።

ብራክስተን፦ ጎበዝ። እርስዎም ፈለጉ።

ሆባርት፦ ፈለግኩ እንጂ። የተመልካች ቁጥር የሚመጣበትን ወረቀት ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

ብራክስተን፦ እኔ ደግሞ አንዴ ዓይቼ ገባኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ በመላው አሜሪካ አሥራ አንድ ተመልካች። ይሄን ያህል የወረደ ቁጥር በሙያው ታሪክ የለም። ፓስተሩን እዚያ እንዳደረጓቸው ማንም አልነገረኝም፣ ከቁጥሩ አወቅኩ።

ሆባርት፦ ከጠዋቱ አራት ላይ…

ብራክስተን፦ አያቋርጡኝ። በሌላ በኩል የእኔን ድራማ እንይ። "ከንፈርና ጥርስ"፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። በሦስት ወር ከምንም ተነስቶ አራት መቶ ሺህ ተመልካች።

ሆባርት፦ ያ ደም መጣጮቹ ትምህርት ቤት የሚማሩበት ነው?

ብራክስተን፦ እሱ ነው።

ሆባርት፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ረጅሙ ልጅ ስሞ ነው የሚነክሳት፣ ነክሶ ነው የሚስማት?

ብራክስተን፦ ጥበቡ እሱ ላይ ነው። አይታወቅም።

ሆባርት፦ ምክትል፣ አንተ ግን ማታ ማታ ታየዋለህ?

ብራክስተን፦ እኔ ቤቴ ቴሌቪዥን የለም።

ሆባርት፦ ተበላሽቶ ነው?

ብራክስተን፦ ቴሌቪዥን የሚያውቅ ሰው ቴሌቪዥን አያይም አቶ ሆባርት። ቁጥር ነው የሚያየው።

ሆባርት፦ እሱስ ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ። የዩኒቨርሲቲ ልጆችማ ለምሽቱ ሁለት ሰዓት አብደዋል። ደብዳቤው እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ጆንያ ሆኗል።

ብራክስተን፦ ደብዳቤ የሚጽፍ ተመልካች ስለማልፈልግ አላነበብኩትም። ግን አውቃለሁ። ኢላማዬ እነሱ ናቸው።

ሆባርት፦ በየማደሪያቸው ተሰብስበው ነው የሚያዩት። ዛሬ በስንተኛው ደቂቃ ያንቀላፋል እያሉ በብስኩት ይወራረዳሉ።

ብራክስተን፦ ደም መጣጭ ፀሐይ ስትወጣ ያንቀላፋል። በሚገባ ተከታትለውታል ማለት ነው።

ሆባርት፦ የባቄላ ሾርባውንም ሠርተው ፎቶ ልከዋል።

ብራክስተን፦ ሾርባ? አዎ… ደም ማለታቸው ነው። የወጣቶች አነጋገር ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም።

ሆባርት፦ ከላዩ ድንብላል ነስንሰውበታል።

ብራክስተን፦ ጥልቅ አነጋገር ነው።

ሆባርት፦ መርፌው ውስጥ ክር ሲገባማ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል ይላሉ።

ብራክስተን፦ መርፌው ጥርሱ ነው። ክሩ ፍቅር ነው። ይሄን በጥናቱ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሆባርት፦ አየህ፣ እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፓስተሩ ማንኮራፋት ሲጀምሩ ልጆቹ ቆመው እንደሚያጨበጭቡ ብቻ ነው።

[ብራክስተን ለአፍታ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ድራማውን ራሱ ነው ያስጻፈው፤ ፓስተር የሚባል ሰው አላስገባበትም። የሸሚዙን ክር እያፍተለተለ በልቡ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።]

ብራክስተን፦ የቱ ፓስተር?

ሆባርት፦ ፓስተር ፕሩዊት ናቸዋ። ሌላ ፓስተር መቼ አለን?

ብራክስተን፦ እሳቸው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ምን ይሠራሉ?

ሆባርት፦ ይተኛሉ። እያልኩህ።

ብራክስተን፦ አቶ ሆባርት። ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ፓስተሩን የት ነው ያደረጓቸው?

ሆባርት፦ ባዘዝከኝ ቦታ። ማንም ሰው በማያይበት ሰዓት።

ብራክስተን፦ እኮ እሱ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ ወይ ጠዋቱ አራት ነው።

ሆባርት፦ እኔም መጀመሪያ ሌሊት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ሳየው ሌሊት አሥር ላይ ሦስት ሺህ ሰው አለ። ዳቦ ጋጋሪ፣ የጭነት መኪና ነጂ፣ ልጅ የምታጠባ እናት፣ ሁሉም ነቅቶ ያያል። ጠዋት አራት ላይማ የድሮዎቹ ደንበኞች አሉ። ሳምንቱን በሙሉ እየዞርኩ ፈለግኩ፤ ሰው የሌለበት አንድ ሰዓት ብቻ አገኘሁ።

ብራክስተን፦ አይበሉኝ።

ሆባርት፦ ከምሽቱ ሁለት። ያንተ ሰዓት። የቁጥሩ መስመር ወረቀቱ ግርጌ ላይ ተኝቶ ማተሚያው ቀለም የጨረሰ መስሎኝ ነበር።

ብራክስተን፦ "ከንፈርና ጥርስ"ስ?

ሆባርት፦ አየር ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከተትኩት። የድሮዎቹ ደንበኞች መጀመሪያ ቀን አይተው ሄዱ። አንድ ሴትዮ ብቻ ደውላ ድራማው የት ገባ አለችኝ። የረጅሙ ልጅ እናት ናት። ጠዋት መሆኑን ስነግራት ተመስገን አለች፣ ማታ በጊዜ ነው የምተኛው ብላ።

[ብራክስተን ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ።]

ብራክስተን፦ ሦስት ወር ሙሉ ሲሆን እንዴት አልነገሩኝም?

ሆባርት፦ ሦስት ጊዜ መጣሁ። "የሚያውቅ ሰው አይነገረውም" አልከኝ። ደግሞ ባዘዝከው መሠረት መሠራቱን ምን ብዬ ልንገርህ? ይልቅ ምን ሆነሃል፣ ፊትህ አመድ መሰለ።

ብራክስተን፦ ዛሬ ጠዋት ለኒውዮርክ ሪፖርት ልኬአለሁ።

ሆባርት፦ ደግ አደረግህ። ምን ብለህ?

ብራክስተን፦ "የጠዋቱ አራት ሰዓት ፕሮግራም የጣቢያው ውርደት ነው። ዛሬውኑ ይሰረዝ። ኃላፊውም ያለ አንዳች ርኅራኄ ይሰናበት።"

ሆባርት፦ ውይ። ስለ ምሽቱ ሁለት ሰዓትስ?

ብራክስተን፦ "ይህን ያሰበው ሰው ሊቅ ነው። የሚገባው ወንበር ይሰጠው።"

ሆባርት፦ ስም ጽፈሃል?

ብራክስተን፦ ትሑት ለመምሰል ብዬ ስም አልጻፍኩም።

[ስልኩ ጮኸ። ኒውዮርክ ነው፤ ጣቢያውን የገዛው ኩባንያ አለቃ፣ ወይዘሮ ኦግልቪ። ብራክስተን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አነሳው።]

ብራክስተን፦ አቤት ወይዘሮ ኦግልቪ… አነበቡት? ሙሉውን?… ሙሉውን ተቀበሉት… አይ፣ አንዲት ትንሽ እርማት… አዎ፣ "ያለ አንዳች ርኅራኄ" የሚለው የእኔ ቃል ነው… የጠዋቱ አራት ሰዓት ፕሮግራም ኃላፊ ስም?… እሱ እንኳን ቤተሰብ ያለው፣ ትጉህ… የለም፣ ለማንም እየተሟገትኩ አይደለም… እኔ ነኝ… የምሽቱ ሁለት ሰዓት ሰውዬ? አጠገቤ ናቸው።

[ስልኩን ለሆባርት አሳለፈለት። ሆባርት አፉን ጠርጎ ተቀበለ።]

ሆባርት፦ ጤና ይስጥልኝ እመቤት… ሆባርት እባላለሁ… አይ፣ ጥናት አላደረግኩም፣ ወረቀቱን ነው ያየሁት… ምክትል ፕሬዚዳንት? እኔ?… ካሴት ክፍሉ ካልተዘጋ እሺ… እሱን? እሱን ለእኔ ይተዉልኝ… አይቸግርም፣ ሥራ እሰጠዋለሁ። ደህና ይዋሉ።

[ሆባርት ስልኩን ዘጋ። ከአርባ ዓመት ወንበሩ ላይ ተነስቶ መቀመጫውን በእጁ አራገፈለት። ብራክስተን ወንበሩን አየው፤ ከሎስ አንጀለስ ይዞት የመጣው ነገር ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራለት አልታየውም።]

ብራክስተን፦ ምን ሥራ ነው የሚሰጡኝ?

ሆባርት፦ እኔ ፎቅ ልወጣ ነው፤ እዚህ ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ማሽን ታውቀዋለህ?

[ብራክስተን አፉን ከፈተ። ጣቱንም አነሳ። ከዚያ ጣቱን አወረደ።]

ብራክስተን፦ አላውቀውም።

ሆባርት፦ ጎሽ። ከመጣህ ጀምሮ ከነገርከኝ ሁሉ ያመንኩህ ይቺን ብቻ ነው። ቁጭ በል ላሳይህ።