«በሚቀጥለው ዙር» የሚሉ ሰዎች

«ነገ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የባሰ አግኝቻለሁ። ልጄ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ መያዣ የስልክ ፕሮግራም ከሚሠሩት ጋር ናት። ሥራቸውን በሁለት ሁለት ሳምንት ዙር ይከፋፍሉታል፤ ለዓይነ ስውሩ፣ ለሽማግሌውና ለእኔ ቢጤው የሚሆነው ማስተካከያ ግን ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ዙር» ነው። መቼ ነው እሱ? መሲሑ ሲመጣ ይሆናል።

እኔ ማንበብ የተማርኩት በአምሳ ዓመቴ ነው፤ ያውም በዕብራይስጥ። ዓይኔን ሞራ ይዞኝ ቀጠሮ ፈልጌ ነበርና ልጄ «ቢሯችን መጥተህ ሞክረው» አለችኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ገጹ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ አባረረኝ።

«ችግር የለም፣ በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለዋለን» አለ አለቃዋ።

«እሺ፣ ዓይኔም በሚቀጥለው ዙር ይታመም» አልኩት።

ልጄ ሳቋን ዋጠች። «አባቴ ቀጠሮውን ሳይዝ ይህ ሥራ አለቀ አይባልም» ብላ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የሥራ ወረቀቶች መጨረሻ የተለጠፈችውን፣ ይህ ማስተካከያ የተጻፈባትን አንሥታ መጀመሪያ ላይ ለጠፈቻት። አለቃው ራሱን አከከ፤ ግን አላነሣትም።

ባለፈው ሳምንት ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀጠሮዬን ብቻዬን ያዝኩ። አንብቤ እስክጨርስ ገጹ አልጠፋም። በዚህ አገር በየቢሮው ስንቱን ጠብቄያለሁ፤ እኔን የጠበቀኝ ግን ይህ ስልክ የመጀመሪያው ነው።